የመጀመሪያው ጣሳ አይቆጠርም

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ አሰንዳቦ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ከመኪናው ሥር ገብተው ሲታገሉ ተሳፋሪው ወርዶ ሙዝና ሸንኮራ መግዛት ጀመረ። እኔን ግን ያስወረደኝ ገና በሩ ሲከፈት የገባው ሽታ ነው። ቀይ ቡና ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በኋላ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የሚያመጣው ሽታ አለ፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ ጠጅ ሊሆን አስቦ መልሶ የተወው ዓይነት። ጅማ ያደገ ሰው ይህን ሽታ ልብ አይለውም፤ እኔም ስንት ዓመት ልብ ሳልለው አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን አንዲት ሴት ሸራ ላይ የተሰጣ ቡናዋን በእጇ ስታገላብጥ ቆሜ እያየሁ፣ ሁለተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ያደግኩት ከአሰንዳቦ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በእናቴ አባት ቤት ነው። አካኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ታናሼን ከድርን አረገዘች። አካኮና ባለቤታቸው አኮ ደግሞ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበር። "አንዷን ስጡን" አሉ፤ ተሰጠሁ። እንዲህ ሲባል እንደ ዕቃ የተሰጠሁ ይመስላል እንጂ በዚያ መንደር ከኔ በላይ የተሞላቀቀ ልጅ አልነበረም። የምበላው ከአካኮ ሳህን ነው። ሲሰግዱ ጀርባቸው ላይ እወጣለሁ፤ እሳቸውም እንዳልወድቅ ሱጁዳቸውን ያስረዝሙልኛል።

ከሁሉ የምወደው ቡና የሚሰፈርበትን ቀን ነበር። ቡናው ከነቅርፊቱ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ አካኮ ጫማቸውን አውልቀው ክምሩ ፊት ቁጢጥ ይላሉ። አጎቴ ጆንያውን ይዞ ይቆማል። ሌላ ሰው አይጠጋም፣ ወሬም አይወራም፤ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ከአካኮ ጉልበት ሥር እንድቀመጥ ይፈቀድልኛል። አካኮ ትልቁን የዘይት ጣሳ ሞልተው ሲያነሱ "ቶኮ"፣ ማለትም አንድ፣ አይሉም። "በረካ" ነው የሚሉት። ያ የመጀመሪያው ጣሳ ከሌላው ጋር ጆንያ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ይደረግና በመንደሩ ላሉ የሙት ልጆች ይላካል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው "ለማ" ይባላል፣ ሁለት ማለት ነው፤ ከዚያ "ሰዲ"፣ ከዚያ "አፉር" እያለ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ይቀጥላል።

አንድ ጊዜ "የፊተኛውስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እሱ የረቢ ነው፤ የኛ አይደለም" አሉኝ። ረቢ የሚሉት ፈጣሪን ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አጎቴ፣ ባለፉት ዓመታት ለሙት ልጆች የሰጠነው ቢደመር ስንት ጆንያ ይሆን ነበር ብሎ ጮክ ብሎ ሲያሰላ ሰሙት። ተቆጡ። "ለረቢ የሰጡትን አይቆጥሩም! በረካው ይሄዳል፣ ቡናው ይጎድላል!" እኔ ጉልበታቸው ሥር ነበርኩ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ቋጥሬ ያዝኩ፦ የመጀመሪያው የኛ አይደለም፤ ከቆጠርነው ቡናው ይጎድላል። ልጅ የሰማውን አይጥልም፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግን የሚያውቅ የለም።

አባቴ ከደሴ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከመኖሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። ኦሮምኛ ይሰማል፤ ሲናገረው ግን እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለችና ትቶታል። በዚያ ዓመት ጳጉሜን ላይ አሰንዳቦ መጥቶ "ልጅቷ ትማር እንጂ" አለ። መንደር አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ትምህርቱ ግን መምህሩ ሲል እኛ ተከትለን የምንጮኸው ዜማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንዷ ምን እንዳለች ማን ይሰማል? አካኮ ምንም አልተከራከሩም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተውኝ፣ ራሴን ዳብሰውኝ፣ ዞር ብለው ሄዱ። ዞር ያሉት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ የተቆጡኝ መስሎኝ እስከ ጅማ አለቀስኩ።

አባቴ ያስገባኝ ከአማርኛው ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩ አንዲት ገጽ አስነበበኝና ራሱን ነቀነቀ። "እሺ ትሞክር። በጥር ፈተና ሒሳቡ ካልሆነላት ግን አንደኛ ክፍል ትወርዳለች" አለ። አንደኛ ክፍል ማለት ታናሼ ከድር ያለበት ክፍል ነው። ከድር ይህን የሰማ ቀን እንደ ደግ ወንድም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞሽ፣ ከጎኔ ወንበር ይዤልሻለሁ" አለኝ። እስከ ጥር ድረስ በየቀኑ ወንበሬ እንዴት እንደሆነ ይነግረኝ ነበር፤ አንድ ቀን እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ አናጢ መጥቶ ሠራው፣ አሁን ደህና ነው።

እውነቱን ለመናገር አማርኛ ለወሬ ያህል ብዙም አላስቸገረኝም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እሰዳደብ ነበር። ቁጥር ግን ሌላ ነው። ያኔ ሁለት ዓይነት ቁጥር ያለ ይመስለኝ ነበር። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ የቡና፣ የከብት፣ የዶሮና የዝናብ ቁጥሮች ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደግሞ የዳቦ፣ የእስኪርቢቶና የባጃጅ። ስለዚህ መምህራችን ቲቸር ጸሐይ "አራት ላም" ስትል ግራ ይገባኛል፤ ላም በአማርኛ አይቆጠርማ! "አራትና ሦስት ስንት ነው?" ስትለኝ አራቱን ይዤ አሰንዳቦ እሄዳለሁ፣ አፉር አደርገዋለሁ፤ ተመልሼ ሦስትን ወስጄ ሰዲ አደርገዋለሁ፤ እዚያው እደምራቸዋለሁ፤ ከዚያ መልሱን ተሸክሜ ጅማ እገባለሁ። እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ የፊት ወንበር ልጆች መልሱን ጮኸው፣ ቲቸር ጽፋው፣ አጥፍታው ሁሉ ይቆየኛል።

ይባስ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የማመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ይጎድለዋል። ቲቸር ጥያቄዎቿን በኛ ስም ነበር የምታወጣው። "ነኢማ አምስት ሙዝ ነበራት። እናቷ ሦስት ጨመረችላት። ነኢማ ስንት ሙዝ አላት?" ትላለች። ነኢማ እኔ ነኝ፤ ተነስቼ "ሰባት" እላለሁ። ስምንት ሙዝ መኖሩ ጠፍቶኝ አይደለም። የተጠየቅሁት ስንት አለሽ ተብዬ ነው፤ የኔ የሆኑት ሰባት ናቸው። ክፍሉ ይስቃል። እኔ ደግሞ አዝንላቸዋለሁ፦ እነዚህ የከተማ ልጆች ለረቢ ምንም ሳያስቀሩ ሁሉንም ለራሳቸው ይቆጥራሉ፤ እንዴት አይጎድልባቸውም እያልኩ።

ቤት ውስጥ ችግሩ የቋንቋ ነው ተብሎ ተፈረደ። እናቴ "ኦሮምኛው ክፍል ብትገባ ምን ነበረበት?" ትላለች፤ አባቴ "ትለምደዋለች" ይላል። ሊያስለምደኝም ሱቁ ውስጥ ከልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ በሸሚዝ ቁልፍ ያስቆጥረኝ ጀመር። ቁልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያበራል። በጥቅምት መጨረሻ የአማርኛ ቁጥር በእንቅልፌም አይስተኝም ነበር፤ ያን ያህል ለምጄዋለሁ። መልሴ ግን አሁንም አንድ ይጎድለዋል። አባቴ ይህን ሊረዳው አልቻለም። ቁጥሩን ታውቃለች፣ መደመሩን ታውቃለች፣ ታዲያ አንዷ የት ነው የምትገባው?

አንድ ቀን የት እንደምትገባ የደረሰበት መሰለው። ለአንድ የኮሌጅ አስተማሪ የሰፋው ሸሚዝ የመጨረሻ ቁልፍ አጥቶ ሱቁን ሲያተራምስ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር አንድ የወተት ጣሳ አገኘ። ውስጡ በየቀለሙ ቁልፍ ሞልቷል። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ባስቆጠረኝ ቁጥር የመጀመሪያዋን ቁልፍ ለረቢ እያልኩ ለብቻዋ አደርጋት ነበር፤ ጣሳው ሲሞላ ለሙት ልጆች ልሰጥ።

"ነኢማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

ለረቢ የሰጡት አይነገርም፣ አይቆጠርም።

"ወላሂ አልቆጣሽም። ብቻ ንገሪኝ።"

አልነገርኩትም። አባቴ አልመታኝም፤ ጮክ ብሎም አልተናገረኝም። ማታ ላይ ግን ለእናቴ "ልጅቷ ዕቃ ትደብቃለች" ሲላት ሰማሁ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን እፍረት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፍ አላስቆጠረኝም።

ቲቸር ጸሐይ ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች፤ ነጭ ጋዋኗ ሁልጊዜ ኪሱ አካባቢ የጠመኔ ዱቄት አለበት። ጠዋት ጠዋት ክፍል እንደገባች በጣቷ ከጥግ እስከ ጥግ እየጠቆመችን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትለው አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። ድግምት ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ጣቷ እኔ ላይ ሲደርስ በሆዴ ቢስሚላህ እላለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ "ነኢማ፣ አንቺ ቆዪ" ስትለኝ ቢስሚላሁን ደጋገምኩት።

ጠረጴዛዋ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ዘረገፈች፤ እንቆጥርበት ዘንድ ሁላችንም ከቤት ያመጣነው ነው። "የደብተርሽን መልስ ሁሉ ትናንት አየሁት" አለች። "የሚሳሳት ልጅ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል። አንቺ ግን ሁሌ በአንድ ነው የምትቀንሺው። ይሄ ስህተት አይመስለኝም።" ከዚያ ከኔ አጠገብ፣ ከትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ አለች። "አማርኛውን ተዪው። አያትሽ ቤት እንዴት ነው የምትቆጥሩት? እንደዚያ አድርገሽ ቁጠሪልኝ።"

በዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሩን ገልመጥ አደረግሁና የመጀመሪያዋን ቆርኪ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋኋት። "በረካ" አልኩ። "ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን..." እስከ ሰገል ደረስኩ፤ ሰገል ዘጠኝ ነው።

"ስንት አሉሽ?"

"ስምንት።"

"ይቺስ?" አለች ጥጉ ላይ ያለችውን እያሳየች።

"እሷ የረቢ ናት። አትቆጠርም።"

ቲቸር አልሳቀችም። ቆርኪዋን አንስታ አገላብጣ አየቻትና እዚያው ቦታዋ መለሰቻት። ያን በማድረጓ ወደድኳት። "እኔ ቦንጋ ነው ያደግኩት" አለችኝ። "ቤታችን የምንቆጥረው በካፊኛ ነበር። አማርኛ የሰማሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ጭቃ የለጠፉብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ስቸኩል የምቆጥረው በካፊኛ ነው። ጠዋት እናንተን ስቆጥር ሰምተሽኝ አታውቂም?"

"ድግምት የሚደግሙ መስሎኝ ነበር፣ ቲቸር" አልኩ። ያኔ ነው የሳቀችው፤ እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የረቢዋም ቆርኪ እንደምትቆጠር ነገረችኝ። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። የጥር ፈተና እየደረሰ እንደሆነ፣ ካልቆጠርኳት አንደኛ ክፍል እንደምወርድ ነገረችኝ። አውቃለሁ፤ ወንበሬ እንኳ ተሠርቷል።

"ታዲያ ለምን አትቆጥሪያትም?"

"የአካኮ ቡና ይጎድላል" አልኩና ለቅሶው ያዘኝ። ለስንት ወር የያዝኩት ለቅሶ ነበር። ፈተናውን ለማለፍ ብዬ ብቆጥር የአካኮን በረካ የማባርረው እኔ ነኝ፤ ባልቆጥር ከከድር ጎን ልቀመጥ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጬ ነበር፤ ከከድር ጎን መቀመጡን።

ቲቸር በጋዋኗ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። "ይሄንንስ እኔ አልፈታውም። አያትሽ ናቸው የሚፈቱልን" አለች። ከሰዓት በኋላ ቤታችን ድረስ መጥታ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ "ያ አላህ፣ የአባዬ ጣሳ!" ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ አባቴን ከሱቁ ጠራችው። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ የወተት ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርዶ ብዙ ጊዜ አየው። ቁልፎቹን ወደ ሱቁ አልመለሳቸውም። "የረቢን መልሼ ልውሰድ እንዴ?" አለ፤ ለበዓል ለጎረቤት የሙት ልጆች ሸሚዝ ሰፍቶ በነዚያው ቁልፎች ጨረሰው። ያን ዓመት የሰፈራችን ልጆች በአንድ ሸሚዝ ላይ ቀይም፣ ነጭም፣ ቡናማም ቁልፍ ይዘው ይዞሩ ነበር።

አካኮ በሐሙስ ገበያ መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዣንጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ከእናቴ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከክፍል መስኮት አየኋቸው። በር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር "አባቴ፣ ጫማዎን ያድርጉ፣ ግድ የለም" አለቻቸው። እሳቸው በኦሮምኛ መለሱ፣ እናቴ አማርኛ አደረገችው፦ "ዕውቀት የሚነገርበት ቤት በጫማ አይገባም ይላል።" ከዚያ በኋላ የሳቀ ልጅ አልነበረም።

ለእረፍት ልጆቹ ሲወጡ ቲቸር ነገሩን ሁሉ አስረዳቻቸው። አካኮ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን ብቻ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ የመጀመሪያውን አልቆጥርም ብለሽ ነው?" አሉኝ። "በስሙ ጠራሁት እንጂ ቆጥሬዋለሁ! ከሱ ቀጥሎ ለማ አይደል የምለው? ቶኮ ከሌለ ለማ ከየት ይመጣል?" ወደ ቲቸር ዞሩ። "አትቁጠሩ ያልኳቸው ሰጥቶ ሰጠሁ ማለትን ነው። ጣሳውንማ ካልቆጠርኩት ነጋዴው ነው የሚቆጥርልኝ!"

እናቴ እየሳቀች ተረጎመችው። ቲቸርም ሳቀች፤ "እንግዲህ ከኔ ይልቅ እርስዎን ነው የምታምነው፣ ይንገሯት" አለቻቸው።

አካኮ አገጬን ቀና አደረጉት። "ያ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "እዚህ ቲቸርሽ ቁጠሪ ያለችሽን ሁሉ ቁጠሪ። እኔ ፈቅጃለሁ።"

"ቡናውስ?"

"ቡናውን ለረቢና ለኔ ተዪልን።"

እሺ አልኩ። ግማሼ አመናቸው፤ ግማሼ ግን ትልቅ ሰው ልጅን ለማባበል የማይለው ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር።

ጥር ላይ ተፈተንኩ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁሉ፣ ዶሮውንም፣ እስኪርቢቶውንም፣ የአበበችን ብርቱካንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርኩ። በጻፍኩ ቁጥር የአካኮ ክምር ትንሽ ዝቅ ሲል ይታየኝ ነበር። ውጤቱ ሲነገር ቲቸር ጭንቅላቴን ሳመችኝ። ከድር ቅር ብሎት ወንበሩን ለሌላ ልጅ ሰጠ።

ፈተናው ባለቀ ሰሞን ያለወቅቱ ዝናብ መጣ። ከጅማ በላይም በታችም ጣለ፤ ሌሊትም ቀንም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እያዳመጥኩ አልጋዬ ውስጥ እኮራመት ነበር። እረፍቱ ደርሶ አሰንዳቦ ስንሄድ የአካኮ ግቢ ያ የማውቀው ጣፋጭ ሽታ አልነበረውም። የሻገተ ሽታ ነበር። አጎቶቼ የጠቆረውን ቡና እየለቀሙ ይጥላሉ። በስፍር ቀን እንደ ልማዴ ከአካኮ ጉልበት ሥር ተቀመጥኩ። በረካ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ ሄደ፤ አምና እንቅልፍ እስኪወስደኝ ይሰፈር የነበረው ቡና ዘንድሮ እግሬ ሳይደነዝዝ አለቀ። አካኮ ባዶውን ጣሳ መሬት ላይ ደፉት። አጎቴ የጆንያውን አፍ ቋጠረ። ሁሉም ዓይኑን ከኔ ያሸሸ መሰለኝ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሄጄ ተወሸቅሁ። አካኮ ፈልገው አገኙኝ።

"ምን ሆንሽ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ፈተና ላይ ሁሉንም ቆጥሬያቸዋለሁ።"

"ዝናብ ነው፣ ልጄ። ዝናቡን አንቺ አዘነብሽው?"

እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ልጅን አይረታም፤ ዝናብ እንደሚላክ አውቃለሁ፣ ለምን እንደተላከም አውቃለሁ። አካኮ ከአጠገቤ ቁጢጥ አሉ። በጣም ቆዩ። ከዚያ እጄን ይዘው አስነሱኝና ወደ ግቢው መለሱኝ። "ልጆች፣ ሁላችሁም ወዲህ!" ብለው ጠሩ።

በዚያ አገር ሰው አይቆጠርም። አኮን ስንት የልጅ ልጅ እንዳላቸው ብትጠይቋቸው "ረቢ ያውቃል" ይሏችኋል። ሰው ቆጥሮ ቁጥር ያወጣ፣ ከቆጠራቸው አንዱን ይነጠቃል ተብሎ ይፈራል። ማታ ዶሮ ሲገባ እንኳ "ሞሉ?" ተብሎ ይጠየቃል እንጂ "ስንት ናቸው?" አይባልም። አካኮም ከማንም በላይ የሚጠነቀቁት ይህን ነበር፤ እናቴ ስለ ትምህርት ቤት ስታወራ የከድርን ክፍል ልጆች ብዛት ልትናገር ስትል እጃቸውን አንስተው ያስቆሟታል።

የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ በግድግዳው ጥግ አሰለፉን። ከድር፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ ገና በአክስቴ ጀርባ ላይ ያለችው ጨቅላ ሳትቀር። ትልልቆቹ ሥራቸውን ትተው መጡ። አኮ የባላቸው ሐሳብ ገብቷቸው ጮኹ፦ "ሊቆጥሯቸው ነው? ማሎ! ማሎ፣ እባክዎ ይተዉ!"

አካኮ አልሰሟቸውም። ከፊት አቆሙኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። በረካ አላሉም።

"ቶኮ" አሉ።

እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ራሴ ላይ ሆኖ ስለተሰማኝ እንጂ በዓይን የሚታይ አልነበረም። ያኔ ገባኝ፤ አካኮ ይፈራሉ። እንደኔው ይፈራሉ። እኔን ከፍርሃቴ ለማውጣት ብለው፣ ከዚህ ዓለም ያላቸውን ሁሉ በግድግዳ ሥር አሰልፈው፣ የፈሩትን ነገር ከአንድ ጀምረው እያደረጉ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን የተወደድኩ አይመስለኝም። "ለማ" ብለው ከድርን ነኩ። "ሰዲ" አሉ። እያንዳንዱን ራስ እየነኩ እስከ ጨቅላዋ ድረስ ሄዱ። አኮ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነዋል።

ሲጨርሱ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ወደኔ መጡ።

"እዪ" አሉኝ። "ማን ጎደለ?"

አየሁ። ከድር ምላሱን አወጣብኝ። ጨቅላዋ በአክስቴ ትከሻ ላይ ለሃጯን ታዝረበርባለች።

"ማንም።"

"እንግዲያው አሁን አንቺ ቁጠሪያቸው።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የእያንዳንዳቸውን ራስ እየነካሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ማንንም ሳላስቀር እስከ መጨረሻው ቆጠርኳቸው። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በየትኛው ቋንቋ እንደቆጠርኩ ግን ባስብ ባስብ አይመጣልኝም።